ቦርከናን ይዤ እንጅባራ

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለመንደሬ ሰዎች ነው። መርጣችሁ ልካችሁኛልና ያየሁትንና ያደረግሁትን ሳልቀንስ መናገር ግዴታዬ ነው። አብዛኞቻችሁ እንጅባራን አታዩትም። ልሂድ የሚል ካለ ወፍራም ጋቢ ይያዝ፤ እኔ ሳልይዝ ሄጄ ተቀጥቻለሁ።

ጽሑፉ የማያውቀን ሰው እጅ ቢገባ እንዳይቸገር ጥቂት ላስረዳ። እኛ በድርቁ ዘመን ከወሎ በመኪና ተጭነን ወደዚህ ቆላ የመጣን ሰፋሪዎች ነን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነው የመጣነው። ከመኪና በወረድንበት ምሽት አንድ ወንዝ አገኘን። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጠጣና «ይኼስ ቦርከናን ይመስላል» አለ። እውነተኛው ቦርከና ከደሴ በታች ይወርዳል፤ የተወለድኩት እሱ ዳር ነው። አባቴ ያን ቢል ማንም አልሳቀም፤ ሴቶቹ አለቀሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህም ወንዝ ቦርከና ሆነ። ቀድሞ ስሙ ማን እንደነበር አጠገቡ የሚኖሩትን ሰዎች የጠየቀ የለም። ልጆቻችን በዚሁ ስም አደጉ።

እኔ የመንደሩ የውኃ አባት ነኝ፤ በበጋ ወንዙን በየተራ ለየማሳው የማካፍል ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የካቲት ካለፈ የማካፍለው ነገር የለም። ደጋዎቹ ከላይ በሞተር ይስቡታል፤ ለእኛ እርጥብ ድንጋይ ይደርሰናል።

በዚህ መሃል ክልሉ የተፋሰስ ልማት ኤጀንሲ ሊያቋቁም ነው የሚል ወሬ መጣ። ወንዝን በቀበሌ ሳይቆራርጥ ከምንጩ እስከ መጨረሻው አንድ አድርጎ የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ነው። በካርታው ውስጥ የገባ መንደር በተጠቃሚዎች ምክር ቤት ወንበር ያገኛል፤ የበጋው ውኃም ከላይ እስከ ታች በተራ ይከፈላል። ካርታው ውስጥ ያልገባ ግን የሚጠይቅበት ደጅ የለውም። ረቂቁ ሊጸድቅ ስለሆነ በእንጅባራ ውይይት ተጠራ።

ለእኔ ነገሩ ከዚህም ይከብድ ነበር። ሰይድ የመጨረሻ ልጄ ነው። ወንድሞቹ አንድ በአንድ ሄደዋል። በጉዞዬ ዋዜማ ቦርሳውን ሸክፎ ግድግዳ ላይ ሰቀለና «አባባ፣ ዘንድሮም ውኃ ከሌለ የካቲት ሳይወጣ እሄዳለሁ» አለኝ። ሰምቻለሁ አልኩት። ልጅን ተቀመጥልኝ ብሎ የሚለምን አባት አላየሁም፤ እኔም አልለመንኩም።

ረቡዕ

ባለቤቴ ፋጡማ ለሚያሳድሩኝ ሰዎች ለውዝ በጆንያ ሞልታ ሰጠችኝ። ጆንያው ሳስቷል ብላኝ ነበር። ያሰርኩት እኔ ነኝ አልኳት።

በጭነት መኪና እስከ ቻግኒ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሄድኩ። መንገዱ ሰንብቶ የተከፈተ ስለነበር ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ሊሄድ የወጣ ይመስል ነበር። ከኋላዬ የተቀመጠ ጎረምሳ እስከ መንገዱ መጨረሻ በስልክ ተጨቃጨቀ። ሰው የቤቱን ነገር በማያውቀው ሕዝብ መሃል እንዲህ ማውራቱ ደግ ልማድ አይደለም፤ ነገሩንም ነገርኩት። «እሺ አባት» ብሎ ትንሽ ቀነሰ።

ዳገቱን ስንወጣ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ለውዝ የማን ነው? እየዘነበ ነው» አለ። ጆንያዬ ተቀዷል። በየመቆሚያው ልጆች እየተከተሉ ይለቅማሉ። ወርጄ በነጠላዬ ቋጠርኩት። እንጅባራ ስገባ የቀረው ግማሹ ነበር፤ ነጠላዬም ጆንያ ሆኖ ቀረ።

ብርዱን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እኛ ጥር ላይ ጥላ እንፈልጋለን፤ እነሱ ፀሐይ ይከተላሉ። አገሩ ጥር ላይም አረንጓዴ ነው። ውኃ በየቦዩ ሳያሯሩጡት ብቻውን ይሄዳል። ቆሜ ሳየው ቀናሁ። የወሎው ደጃችን ምንጩ ሳይደርቅ እንዲህ ነበር፤ ያን የሚያስታውስ ዛሬ በመንደራችን ጥቂት ሰው ነው።

ሆቴሉ ስለሞላ አዘጋጆቹ ከቆላ የመጣነውን በደጋ ተሰብሳቢዎች ቤት ደለደሉን። እኔ ለአቶ ቸኮል ደረስኩ። ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር፣ ድንች በመስኖ የሚያለማ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ገበሬ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ቀልዱ ብዙ ነው። ከባለቤቱ ከወይዘሮ ይታይሽ ጋር በአዊኛ ያወራና ወዲያው ለእኔ በአማርኛ ይመልሰዋል።

«ምን አለች?» አልኩት አንዴ።

«ይህ ሰውዬ በብርድ ሊሞትብን ነው አለች» ብሎ የራሱን ጋቢ አለበሰኝ።

ቀኑ ጾም ስለነበር የቀረበው ድንችና ሽሮ ነው። የማን እርድ ነው የሚል ሐሳብ ሳይኖር እፎይ ብዬ በላሁ። እነሱ ድንቹን እንደ ዳቦ በእጃቸው ነው የሚበሉት። ጥሩ ነው፤ ቢሆንም ማሽላዬ በዓይኔ ላይ ዞረ።

«ከየት ነኝ አሉኝ?» አለ ቸኮል።

«ከቦርከና ዳር።»

«ከወሎ ድረስ ለዚህ ስብሰባ ጠሩዎት?»

«ከወሎ አይደለም፤ ከዚህ ከታች ከቆላው ነው።»

«በቆላው ቦርከና የሚባል አልሰማሁም። እኔ የማውቀው ከቤቴ በታች ያለውን ጊስሪን ነው» አለና ነገሩን ተወው። እኔም ተውኩት። ደክሞኝ ነበር።

ሐሙስ

ስብሰባው በሁለት ሰዓት ተብሎ በአራት ሰዓት ተጀመረ። አርፋጆቹ ጠሪዎቹ ናቸው። ይህን የጻፍኩት ለወቀሳ ብቻ አይደለም፤ እኛም በውኃ ተራችን ላይ እንዲሁ ስለምናረፍድ ነው።

ሰብሳቢው ግን በደንብ አስረዳ። እስከ ዛሬ እርከኑን አንዱ ቢሮ፣ ዛፉን ሌላው፣ መስኖውን ሌላው ሲይዘው ቆይቷል። ከላይ የተሠራው ለታች ሳይነገር፣ የታችኛው ጩኸት ለላይ ሳይሰማ ይቀራል። አሁን አንድ መሥሪያ ቤት ይሆናል፤ ወንበሩም ለባለሙያ ብቻ ሳይሆን ለላይና ለታች ገበሬ ይሰጣል። ንግግሩ ደስ አለኝ። ከዚያ ካርታውን ግድግዳው ላይ በመብራት አሳዩን። ወንዞቹ ሰማያዊ ናቸው። ደጋውን ከቆላው ከሚለየው ገደል በታች ያለው የእኛ አገር ባዶ ነጭ ነው።

እጄን አነሣሁ። ማይክራፎኑን አልለመድኩትም፤ አፌ ላይ አስጠግቼው ጮኸ። «ቦርከና የት አለ?» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው እንኳ ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ። «አባቴ፣ ቦርከና እኮ ወሎ ነው። ወደ አዋሽ ነው የሚፈሰው፤ የእኛ ተፋሰስ አይደለም» አለኝ።

«እኔ አርባ ዓመት ማሳዬን ያጠጣሁበት ወንዝ ነው!»

«ካርታው ላይ የለም፣ አባቴ። ካርታው ላይ የሌለ ወንዝ ወንበር የለውም። ረቂቁ ዳንግላ በተቀመጠው የባለሙያዎች ቡድን እጅ ነው፤ ሰኞ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል።»

ተቀመጥኩ። ፊቴ ጋለ። የመጣው ንዴት መሰለኝ፤ ቆይቼ ሳየው ግን ሌላ ነበር። የአባቴን ስም ሰድበው የሳቁበት ያህል ነው የተሰማኝ። በእርግጥ የተሳሳቱት እነሱ አልነበሩም። ለብዙ ጊዜ በየቢሮው ያመለከትነው ሁሉ ቦርከና እያልን ነው። የሚያነበው ሰው የሌላ አገር ጉዳይ መስሎት ቢተወው ምን ይፈረድበታል? ስም የሰጠነው ናፍቆን ነው፤ ናፍቆታችንን ግን ለመንግሥት የነገረው የለም።

ለሻይ ስንወጣ ቸኮል ተከተለኝ። «ጋሽ ይመር፣ ይኼ ወንዛችሁ በክረምት ምን ያመጣል?» አለኝ።

«ጎርፍ ነዋ።»

«ከጎርፉ ጋር?»

«ከሰል ያመጣል። ድንችም አንዳንዴ። ደግሞ ቀርከሃ ያመጣል፤ መሃሉ ክፍት የሆነ ወፍራም ቀርከሃ። የእኛ ቆላ ሽመል ድፍን ነው። ያንን እየለቀምን አጥር እንሠራበታለን።»

ቸኮል ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ጫፉ በሰያፍ የተቆረጠ?»

«አዎ።»

«ይኸው! አጥሬን በየክረምቱ ማን እንደሚበላው ዛሬ አወቅሁ» ብሎ አጠገቡ ለነበሩት በአዊኛ ነገራቸው። እነሱም ሳቁ፤ ይህኛው ሳቅ ግን አልከፋኝም። አንዱ «ዘንድሮ በርም ሠርቼበታለሁ፤ ልብ ይበሉ፣ በሩን ይመልሱልኝ» አለኝ።

ስለዚህ የእኛ ቦርከና የእነሱ ጊስሪ ነው። በበጋ በሞተር የሚስበውም ቸኮልና ጎረቤቶቹ ናቸው። ሳቁ ሲያልቅ ይህን ሁለታችንም እኩል ተረዳነው መሰለኝ፤ ሻያችንን ጨርሰን ገባን።

ማታ ወይዘሮ ይታይሽ ሁለት ዶሮ በአንድ ገመድ አስራ አመጣች። በሌላ እጇ ቢላዋ ይዛለች። «ቢላዋውን ዛሬ ነው የገዛሁት፤ የእኛ እጅ አልነካውም። አንዷን እርስዎ ይረዱ፤ አንዷን እሱ ያርዳል» አለችኝ። ሁለት ድስት ተጣደ። በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጠን እያንዳንዳችን ከየድስታችን በላን። ይህን ያህል የሚያስብ ሰው በእኛም መንደር አለ፤ ብዙ ግን አይደለም።

ከበላን በኋላ ቸኮል ጠየቀኝ። «እናንተ ካርታው ውስጥ ብትገቡ የእኔ ሞተር ምን ያህል ይቆማል?»

«የውኃ አባት ነኝና አልዋሽህም» አልኩት። «በበጋው ጫፍ ግማሹን ጊዜ ይቆማል።»

«ትንሽ እንኳ ቢዋሹኝ ምን ነበረበት» አለ። ሚስቱ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ቦርከናና ጊስሪ አንድ መሆናቸውን ለባለሙያዎቹ ሊመሰክር የሚችል የላይኛው ሰው ነው። የእኔ ቃል ብቻውን ዛሬ አዳራሹን አስቋል። ቢሆንም ና መስክርልኝ አላልኩትም። የቤቱን እንጀራ እየበላሁ የማሳውን ውኃ ልጠይቀው አፌ እምቢ አለ።

ዓርብ

ጠዋት ነጠላዬን እያጠፍኩ ሳለ ቸኮል ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆመ። «ይነሡ እንጂ፣ የዳንግላው ሚኒባስ አይጠብቅም።»

«አንተስ ወዴት ነህ?»

«አጥሬን ላስመልስ ነዋ።» ከዚያ መንገድ ስንጀምር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከእኔም በላይ ሰው አለ፣ ጋሽ ይመር። ምንጩ ድረስ ለከሰል የሚሆን ዛፍ ተክለውበታል፤ ጊስሪ በየዓመቱ እየቀጠነብኝ ነው። እኔን የሚጠይቀኝ ካለ እኔም የምጠይቀው ይኖረኛል» አለኝ። በአንደበቱ ያለው ምክንያት ይህ ነው። ሌላ ምክንያት ካለው አልነገረኝም።

በአዲስ ቅዳም አለፍን። የከሰል ጆንያ በመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ግንብ ተደርድሯል። የዛፉ ገንዘብ ብዙ ቤት በቆርቆሮ አስከድኗል፤ ያንን አልነቅፍም። ብቻ ያ ሁሉ ዛፍ ምን ያህል እንደሚጠጣ አሰብኩ።

ዳንግላ ከእንጅባራ ትንሽ ሞቅ ይላል። ስንደርስ ለምሳና ለጁምዓ ቢሮው ሊዘጋ ሆኖ ነበር። ቸኮል መስጊዱ ድረስ ሸኝቶኝ፣ ከሰጠኋቸው ለውዝ ለመንገድ የቋጠረውን ይዞ በሩ ላይ ቆየ። ስወጣ ከሕፃናት ጋር እየተካፈለ ሲበላው አገኘሁት። «ሲጠብቁት ይቀንሳል» አለኝ።

ካርታውን የምትሠራው ሰብለ የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት። ዓይኗ ከኮምፒዩተሩ ብዛት ቀልቷል፤ አመልዋ ግን መልካም ነው። ወንበር ሰጠችን። ቸኮል ጊስሪን ከምንጩ ጀምሮ እየነገራት እሷ በጣቷ መስመሩን ወደ ታች ተከተለች። ገደሉ ጫፍ ላይ መስመሩ ተቆርጧል።

«ለምን እዚህ ቆመ?» አልኳት።

«ከዚህ በታች ጊስሪን እጠቀማለሁ ያለ መንደር አልነበረም፣ አባቴ። ማንም ስላልጠየቀ ተውነው።»

«እኛ ጠይቀናል። ቦርከና ብለን።»

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ቸኮል የቀርከሃውን ነገር ነገራት። ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ሳቋን ተወችና መንደራችን የት እንደሆነ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። በጥፍሬ ነካሁላት። ሰማያዊውን መስመር ከገደሉ አውርዳ እስከ ጥፍሬ አመጣችው። ነጩ ቦታ ላይ ወንዛችን ወጣ። ጥፍሬን ከላዩ ቶሎ አላነሣሁም።

«ስሙን ማን ልበል?» አለች።

«ጊስሪ ነዋ» አለ ቸኮል። «አያቶቼ ከዚያ ነው የጠጡት፤ በሌላ ስም ከተጻፈ እኔ አልመሰክርም።»

«ሁለቱንም ጻፊው» አልኩ።

«ሁለት ስም ካስገባሁ ሁለት ወንዝ ይሆንብኛል፣ አባቴ። መስመሩ መልሶ ይቆረጣል።»

እኔ ማንበብ የተማርኩት እዚያው ወንዝ ዳር፣ በመሠረተ ትምህርት ዳስ ውስጥ ነው። ፊደል ከጨረስን በኋላ አስተማሪው የፈለጋችሁትን ጻፉ ሲለን በጠመኔ የጻፍኩት ቃል ቦርከና ነበር። አባቴ ፊደል አያውቅም፤ ይህ ወንዙ ነው ብዬ ሳሳየው በጣቱ ዳሰሰው፤ ጠመኔው በጣቱ ላይ ቀረ። ይህ ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ መጣብኝ። ሰው ስም ይዞ ውኃ ከሚያጣ ውኃውን ይያዝ ብዬ ራሴን መከርኩ። ምክሩ ትክክል ነው። ቢሆንም አልቀለለኝም።

«ጊስሪ ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

ጻፈችው። «ካርታው ውስጥ ገብታችኋል፤ ውኃውን የሚያካፍለው ግን ምክር ቤቱ ነው» አለችን። እዚያ እኔና ቸኮል ፊት ለፊት እንቀመጣለን ማለት ነው። ወጥተን በአንድ ሳህን ፍርፍር በላን፤ እኔ ልክፈል ስል እሱ ቀደመኝ።

ቅዳሜ

ማታውን ከዳንግላ ተመልሰን እነሱ ቤት አደርን። ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ወደ ቤቴ ልሂድ ስል ቸኮል «ምንጩን ሳያዩ?» አለኝ። ዘንገናን በቀኝ ትተን ወጣን። ሐይቁ ያምራል፤ ብዙ አልቆምኩበትም። ፈረስ ሊጭንልኝ ነበር፤ እኛ ቆላ አህያ እንጂ ፈረስ ስለማናውቅ በእግሬ ይሻላል አልኩ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ተጸጸትኩ፤ አልተናገርኩም።

ምንጩን ትልቅ ነገር አድርጌ ነበር የጠበቅሁት። ከአንድ ድንጋይ ሥር፣ ቀርከሃ መሃል፣ በጋቢ ጫፍ የሚሸፈን ውኃ ነው። ድምፅ እንኳ የለውም። ከበላዩ እስከ ጫፉ ድረስ የከሰሉ ዛፍ ቆሟል። ቸኮል በእጁ ብቻ አሳየኝ።

ጎንበስ ብዬ ጠጣሁ። ጥርስ የሚያም ብርድ ነው። ከአባቴ ቤት ጓሮ የነበረው ምንጭም እንዲህ ነበር፤ እንዲህ ትንሽ፣ እንዲህ ዝም ያለ። ሊደርቅ ሲል እናቴ በጣሳ እየጠበቀች ትቀዳው ነበር። ያን ቦታ ዳግም አላየሁትም፤ አሁን ሄጄም የማገኘው አይመስለኝም። ለቸኮል ግን «ጥሩ ውኃ ነው» ብቻ አልኩት።

ሲሸኘኝ አንድ ቀርከሃ በሰያፍ ቆርጦ ምርኩዝ ሰጠኝ። «ይኼን በእጄ ሰጥቼዎታለሁ። የቀሩትን የሰጠዎት ጎርፍ ነው» አለ። ወይዘሮ ይታይሽ ደግሞ ለዘር የሚሆን ድንች ቋጠረችልኝ፤ ጋቢውንም አልቀበልም አለች። «በምክር ቤቱ ስብሰባ ይዘውት ይመጣሉ» አለችኝ። በለውዙ አፈርኩ፤ ያን ጊዜ የቀረላቸው በጭብጥ የሚቆጠር ነበር።

እሑድ

ቁልቁለቱን ስንወርድ ጋቢውን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ኮቴን። ቻግኒ አድሬ ጠዋት ስነሣ የለመድኩት ሙቀት ፊቴን መታኝ። ቤቴ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው።

ሰይድ ደጅ ተቀምጦ ዶማ ይስላል። ቦርሳው ግድግዳው ላይ እንዳለ አየሁ። ሳይነሣ «ቦርከና ገባ?» አለኝ።

«ወንዙ ገብቷል። ጊስሪ ተብሎ።»

«ጊስሪ ምንድን ነው?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ሳቁንም ሳልደብቅ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ዶማውን አስቀመጠና ፊቱ ጠቆረ።

«ስሙን ስጥ ብሎ ማን ላከህ፣ አባባ?»

«ልጄ፣ ስሙ ድሮም የእኛ አይደለም። እውነተኛው ቦርከና ከደሴ በታች ነው።»

«እሱን አንተ ታውቀዋለህ። እኔ የተወለድኩት ቦርከና ነው፤ ይኸው ከታች ያለው። ዋና የተማርኩት እዚህ ነው። ሌላ ቦርከና አላውቅም።»

እንዲህ ቀና ብሎ ለአባት መመለስ ነውር ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን እነግረው ነበር። ያን ቀን አልነገርኩትም። ስሙን የምናፍቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ስሰጠውም የምሰጠው የራሴን ነው ብዬ ነበር እስከ ዳንግላ የሄድኩት። የልጄም አገር መሆኑን አላሰብኩም። ሊሄድ የቆረጠ ሰው ለወንዙ ስም እንዲህ ይቆጣል ወይ ብዬ ግን ራሴን ጠየቅሁ፤ ጥያቄውን በልቤ ያዝኩት።

በማግሥቱ ድንቹን ለእናቱ ሰጥቼ ስወጣ ሰይድ የለም። ወደ ወንዙ ወረድኩ። የተደፈነውን ቦይ እየጠረገ ነው፤ የተራችን ውኃ ገና አልተወሰነም፤ እሱ ግን ከአፉ ጀምሮ እየከፈተው ነው። ማዶ ያለው ጓደኛው «ምን ታደርጋለህ? ውኃ የለ!» እያለ ያሾፍበታል።

«ቦርከና ይመጣል» አለው ሰይድ፣ ቀና ሳይል።

በወረቀት ጊስሪ እንበል፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ቸኮልም የሚገባው ነው። ልጄን ግን አላረምኩትም። ቦርሳው ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው፤ አላወረደውም። እኔም የቀርከሃውን ምርኩዝ እዚያው ከሥሩ አቁሜዋለሁ።